የእትዬ አስካለ ሹራብ

ሰኞ

ዛሬም ገዛሁ። አረንጓዴ የሱፍ ክር፣ ከመገናኛ። ለማየት ብቻ ነው የገባሁት ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ከተማሪዎቼ ደብተር ሥር ደብቄ ባመጣውም ባለቤቴ ዳዊት አየው።

«ይኼ ደግሞ ለማን ነው?»

«ገና አልወሰንኩም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳሎን ውስጥ ሁለት ያላለቀ ሥራ ቁጭ ብሏል። አንዱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ የምሰፋው የአልጋ ልብስ፤ ጓደኛዬ ሜሮን እሑድ ስታገባ የምሰጣት ነው። ሌላው የእትዬ አስካለ ሹራብ። እትዬ ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ ከእንጦጦ ሥር፣ ፈረንሳይ ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። የለካኋቸው አምና ክረምት ሳይገባ ነበር። የቀረው አንድ እጅጌ ነው። አንድ እጅጌ!

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ እጅጌውን ልጀምር ብዬ ነበር። ስልኬ ላይ ስዕል ሳገላብጥ ቆየሁ። አረንጓዴው ምን ይሁን? ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ ለራሴ? ሻል? የዳዊት ኮፍያ? ሻሉ አማረኝ።

ከዚያ ሜሮን ደወለች። «አንቺ፣ አለቀ እንዴ?» ወዲያው የአልጋ ልብሷን ይዤ ቁጭ አልኩ። እትዬ ደውለው አያውቁም። ስለማይጨቀጭቁኝ መጨረሻ አደረግኋቸው። ስጽፈው አፈርኩ።

ሐሙስ

የሜሮን አለቀ! አንዱ ጥግ ተጨማዶ ነበር፤ ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት። ዳዊት አልጋችን ላይ ዘርግቶ «ለምን አናስቀረውም?» አለ።

ጠዋት እኛ ሰፈር፣ ወሰን፣ ታክሲ ስጠብቅ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማታ እጅጌውን ጀመርኩ።

ቅዳሜ

እጅጌውን ጨርሼ፣ ሹራቡን አጥቤ፣ ሄድኩ። እትዬ በደስታ ለበሱት። ትከሻው ወደ ክንዳቸው ወረደ፤ እጅጌው ጣታቸውን ዋጠው። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። አልተሳሳትኩም። እሳቸው ናቸው የከሱት።

«እትዬ፣ መቼ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ቀስ በቀስ ነው እኮ። አንቺ ስትጠፊ ጊዜ ነው ባንዴ የታየሽ።»

ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስኳር ነው ተብለዋል። ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው የጎረቤት ልጅ ናት።

«ለምን አልደወሉልኝም?»

«ሥራ ይበዛብሻል ብዬ።»

ሥራ! እኔ ሻል ሳማርጥ ነበር።

«ያምጡት፣ ፈትቼ በልክዎ ልሥራው» አልኩ።

«ተይው፣ እደርበዋለሁ። እኔን የሚበርደኝ እግሬን ነው። የሱቁ ካልሲ ላስቲኩ ያጠብቀኛል፣ ምልክት ያወጣብኛል።»

«ታዲያ ያኔ ካልሲ ይሻለኛል አይሉኝም?»

«ሹራብ ልሥራልዎ ብለሽ ደስ ብሎሽ ስትለኪኝ፣ ምን ልበልሽ?»

እሑድ

ሜሮን የአልጋ ልብሱን ስታይ አለቀሰች። አክስቶቿ በእጃቸው እየዳሰሱ አመሰገኑኝ። አንዷ «ቀጥሎ ለእኔ!» ስትለኝ፣ «ተራ የያዘ ሰው አለ» አልኳት።

ቤት ስገባ በአረንጓዴው ክር ካልሲ ጀመርኩ። ሠርቼ አላውቅም። ተረከዙ ላይ ስደርስ ተጣመመ፤ ፈታሁት። ደግሜም ፈታሁት። እግራቸውን በክር ለክተው እንዲነግሩኝ ለእትዬ ደወልኩላቸው።

«መጥተሽ ለኪኝ» አሉ።

ነገ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እሄዳለሁ። ሐሙስ ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። «እኔ ነኝ የምወስድዎ» አልኳቸው።

«ከተመቸሽ» አሉኝ። «ለማንኛውም ለጎረቤቴ ልጅም ነግሬያታለሁ።»