ለማጅ በምትል መኪና ብቻዬን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ወለል ወለወልኩ፣ መጋረጃ አጠብኩ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። ልታጽናናኝ። ባሌ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እሷ ግን ዛሬ የሰማች ይመስል ገና በሩ ላይ ፊቷን ታጠቁረዋለች። "እንደሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!" አለች። ከየት? በሕይወት እያለ "ያ ጯሂ" ነበር የምትለው እኮ። መኪና አሰልጣኝ አይደል፣ ሲጮህ ውሎ ሲጮህ ያመሻል። የቁም ሳጥን በር ስዘጋ እንኳ "ቀስ በዪ! ቀስ!" ይለኝ ነበር። አሁን መልአክ ሆኖላታል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።

ስትሄድልኝ የባሌን መኪና ቁልፍ ከመሳቢያ አወጣሁ። ነገ ከከተማ እወጣለሁ። ወዴት? ... ጎረቤቴ ወደሌለችበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሄድኩ። ብቻዬን፣ እስከ ሐይቁ ድረስ።

መኪናዋ እሱ ያሰለጠነባት ናት። ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ አለ፣ ተበይዶ ስለቀረ አልነቀል አለኝ። ይቅር። ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ ክላክስ ይነፋል፣ ሲያልፈኝ ሊሰድበኝ አንገቱን ያወጣል፣ ከዚያ ሽበቴን ሲያይ ስድቡን ይውጣል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ብቻ አልዋጠም። "እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ!" በዚህ ዕድሜዬ ምን? የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ አዛብቶ ነው የቆለፈው።

ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ "የሚመጣ ሰው አለ?" አለኝ። የለም ስለው ከመጸዳጃው አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ አሳየኝ። እኔ ደግሞ ሄጄ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። ዙሪያዬን ባልና ሚስት ብቻ። አንዳቸውም አያወሩም። ወንዱ ስልኩን ያያል፣ ሴቷ ውሃውን ታያለች። እኛንም እንዲህ ያዩን ይሆን ነበር? ... አያዩንም። እኛ መቼ መጥተን።

ባሌ በዕረፍት ቀኑ መሪ አልጨብጥም ባይ ነበር። "ሥራዬ እኮ ነው" ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከከተማው ዳር ካለው ማደያ አልፈን አናውቅም። የሰውን ሁሉ ሚስት ወደ ዓለም ለቀቀ፣ የራሱን እስከ ማደያው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ወገቤ ተያዘ። ለማንም አልናገርም። ደስ አይበላቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ልጄ ከነሚስቱ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

"እማዬ፣ መኪናዋ ትሸጥ። አንቺም እኛ ዘንድ ግቢ። ክፍል አዘጋጅተንልሻል።"

ክፍሉን አውቀዋለሁ። የልጆቹ ብስክሌት የሚቆምበት ነው። መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያሳየው።

"ልጆቹ ናፍቀውሻል" ሲል ጨመረ። አዎን፣ ሞግዚቷ በዚህ ሳምንት ጥላቸው እንደሄደች ሰምቻለሁ። ናፍቆት በድንገት የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው።

መንጃ ፈቃድ አለኝ አልኩት። ይህን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። ፈቃዱን ያወጣሁት አባቱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ያውም "ያ በግ ነጂ" ይለው ከነበረው ተፎካካሪው ዘንድ ተምሬ። ለልጄ ይሄ ከክህደት ይቆጠራል። "አባዬ ራሱ አይሆንላትም ብሎ ነበር" አለ።

ብሎ ነበር፣ እውነት ነው። ገና ሙሽሮች ሳለን ሊያስተምረኝ ሞክሯል። በማሰልጠኛ መኪናው የከተማው የውሃ ጋን ያለበት ዳገት ላይ ወስዶ ሲያስነዳኝ ሞተሩ መሃል ላይ ይጠፋል። አስነስቼ እሞክራለሁ፣ ይጠፋል። "የኔ ቆንጆ፣ እግርሽ ከበደ። ላንቺ አይሆንም" አለኝ። አመንኩት። አሰልጣኝ ነዋ።

ምራቴ ይሄ ሁሉ ሲባል ሳህኗን ታያለች። ውሃ በአፏ የያዘች ሴት። ልጄ እንዴት እንደሚመርጥ ያውቃል፣ የማትመልስለትን ፈልጎ አገባ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ከቤት ርቄ አደርኩ። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምጽፈው። ባለቤቱ ሻንጣዬን አየ፣ ከኋላዬ አየ። "ባለቤትዎ መኪና እያቆሙ ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ ቦታ ጠፍቶበት ነው" አልኩት።

እስካሁን በሩን እያየ ይሆናል። ቂል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ጠዋት በደንብ ሳልነቃ "ተነስ፣ ረፈደብህ" ብዬ ተናገርኩ። ጮክ ብዬ። ለባዶ ትራስ።

ናፈቀኝ። ያ ጯሂ ናፈቀኝ። ሰው ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲያናድደው የኖረ ሰው ይናፍቀዋል? ... መቼም የኔ ነገር።

ስመለስ ጎረቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። "መኪናዋን ሊያይ የመጣ ሰውዬ ነበር። ልጅሽ ነው የላከው። አታውቂም እንዴ?" አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ደወልኩለት።

"ገዥ ማየት መሸጥ አይደለም እኮ እማዬ..."

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም።"

"አንድ ቀን ገደል ትገቢና እኔ ነኝ የምለቅምሽ!"

የሚፈራው ለኔ ነው ወይስ ለለቀማው? ነገሩን ለመቁረጥ ይኼን አልኩት፦ ና ጋቢና ተቀመጥ፣ የውሃ ጋኑን ዳገት አብረን እንውጣ። ሞተሩ ከጠፋብኝ ቁልፉ ያንተ ነው፣ የብስክሌቶቹ ክፍልም የኔ። ካልጠፋብኝ ዳግመኛ አፍህን አትከፍትም።

"እሺ" አለ። ቶሎ አለ። እርግጠኛ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የዳገቱ ቀን ዛሬ ነበር። በደንብ ልጻፈው።

ልጄ ጋቢና ገባ። ገና ከግቢ ሳንወጣ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ወንበሩን ጨበጠ። ይሄ ወንድ ሠራተኞች ያዛል አሉ። ዳገቱ ሥር ደርሰን ማርሽ ቀነስኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። መሃል ላይ መኪናዋ ከበደች። ተንቀጠቀጠች። ጠፋች።

"አየሽ?" አለ።

አስነሳሁ። ትንሽ ወጣች፣ ከበደች፣ ጠፋች። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ። ያው ሽታ! የዚያን ጊዜው ሽታ፣ ያው መንቀጥቀጥ። ለካ እውነቱን ነው ያ ሰውዬ፣ አይሆንልኝም አልኩ በልቤ። ልጄ እጁን ዘረጋ፣ ለቁልፉ።

ቁልፉን ልነቅል ጎንበስ ስል እግሩን አየሁት።

የማሰልጠኛ መኪና ጋቢናው እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለው፣ ለማጅ ሲሳሳት አሰልጣኙ እንዲይዝበት። ልጄ በፍርሃት ተወጥሮ ያቺን ፍሬን ረግጧታል። መርገጡን እንኳ አያውቅም።

"እግርህን አንሳ" አልኩት።

"ምን?"

"እግርህን! አንሳ!"

አነሳ። አስነሳኋት። አንድ ጊዜ ሳታስነጥስ ጫፍ ደረሰች። የልጄ ጆሮ ቀላ። ልስቅበት ይገባ ነበር፣ ዕድሜ ልኬን የምስቅበት ነገር ነበር። አልሳቅኩም። የማስበው ሌላ እግር ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የባሌ እግር ነበር። ያን ጊዜ። ሌላ ምን ይሆናል?

ልጄ አላወቀም እንበል። እሱስ? እንጀራው ነበር። መቼ እንደሚረገጥ፣ መቼ እንደሚለቀቅ ማወቅ፣ የሚከፈለው ለዚያ ነው። እያወቀ ረገጠ፣ ረግጦም "እግርሽ ከበደ" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጋቢና ተቀምጬ ሻንጣ ታቀፍኩ።

ለምን? ቤት እንድቀር? ጥዬህ እንዳልሄድ? ወዴት ልሄድ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ!

ይኼው ሞተ። ጠይቄ ልሰድበው እንኳ አልችል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ቀኑን ሙሉ ነዳሁ፣ ባሌ "ጠመዝማዛው ሰው ይበላል" ሲለኝ የኖረው ተራራ ድረስ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ዳር ዳሩ ብረት አለው። ይቺ ናት? አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ እየዘፈነ አለፈኝ።

እየነዳሁ ስሰድበው ዋልኩ። ጮክ ብዬ፣ መስኮት ዘግቼ። አንዳንዱን ስድብ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ጫፍ ላይ ስደርስ አለቀብኝ፣ ቆሜ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ምራቴ መጣች። ብቻዋን፣ ከሥራ ሰዓቷ ሰርቃ። በሩ ላይ ቆማ ቀለበቷን ታሽከረክራለች።

"እማማ፣ ያስተምሩኛል?"

"ምኑን?"

"መንዳት። ለሱ ግን አይንገሩብኝ። እሱ ላንቺ አይሆንም ይለኛል።"

ውሃውን ከአፏ ተፋችው። ከየት አመጣችው እንዲህ ያለ ድምፅ? ኳስ ሜዳው ወሰድኳት። መሪ የምትይዘው የጎረምሳ ጆሮ እንደምትጠመዝዝ ነው። ተስፋ የላትም። ነገ ደግሞ ነይ አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ደጋግማ መጣች። ተስፋ አላት። አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ዛሬ የውሃ ጋኑን ዳገት አስያዝኳት። ደህና እየወጣች ነበር። መሃል ላይ አንድ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ቁልቁል መጣብን። መንገዱ ለሁለት ይበቃል፣ እሷም ዳሯን ይዛለች። ደህና ነች። ግን መኪናዋ ከበደች። ተንቀጠቀጠች። ጠፋች።

ጭነቱ አልፎን ሄደ። ምራቴ ከንፈሯን ነክሳ የእጅ ፍሬን ያዘች። "ይቅርታ እማማ። እግሬ ከባድ ነው መሰለኝ።"

ወደ ታች አየሁ። ጫማዬ ፍሬኑ ላይ ነው።

እኔ አይደለሁም ማለት ይቻላል። በጣም ይቻላል፣ የሚያይ የለም። "አዎ የኔ ልጅ፣ ይከብድሻል" ማለት ብቻ ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ክፋት አልነበረም እኮ፣ ፍርሃት ነበር። ያ ሁሉ ሲሚንቶ ላይዋ ላይ ሲመጣ እግሬ እኔን አልጠየቀኝም። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ ማለት ያሳፍራል። እሷን ማሳፈር ይቀላል።

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "እኔ ነኝ የረገጥኩት።"

"እርስዎ? ለምን?"

"ፈርቼ።"

አየችኝ። ስፈራ አይታኝ አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። ቀበቶዬን ፈታሁና በሩን ከፈትኩ።

"ወዴት ነው እማማ?"

"እወርዳለሁ። እዚህ ከተቀመጥኩ ደግሜ እረግጣለሁ። ብቻሽን ውጪ።"

"ብቻዬን? መንጃ ፈቃድ ሳይኖረኝ? ፖሊስ ቢመጣስ?"

"ፖሊስ ዳገት አይወጣም፣ ሆዱ ከብዶታል። ሂጂ!"

መንገድ ዳር ቆምኩ። ሞተሩ ጮኸ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸተት አለች፣ ልቤ አብሮ ሸተት አለ፣ ከዚያ ያዘላት። ወጣች። እኔ በእግሬ ተከተልኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ወገቤን እየረገምኩ። ላይ ስደርስ ሞተሩን ሳታጠፋ ትጠብቀኛለች።

"አዩኝ?" አለች።

አየኋት። ዳር ላይ ቆሜ ስትሄድ አየኋት፣ ሞት ያህላል። ባሌም ያኔ ይኼው ነገር ሆኖበት ይሆናል። ፈሪ ነበር። እኔም ፈሪ ነኝ። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወረደልኝም።