ሰንሰለቱ ሲረዝም ለሚቀንሱት ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር መምህር ትሪሎቻን ፓታክ፣
የትሪሎቻን የፈተና ማሰልጠኛ መሥራች፣ ባለቤት፣ ዳይሬክተርና የመጽሐፉ ደራሲ፣
ሙዛፈርፑር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ ይልቁንም የቀኝ ክንድዎን። ባለፈው ማክሰኞ ከሰሌዳው ሥር ሆኖ ጀርባው እንጨት የሆነ ዳስተር እስከ አራተኛው ረድፍ የወረወረና የአንዲት ልጅ ቅንድብ ሳይስት ያገኘ ክንድ፣ በእርስዎ ዕድሜ ወለምታ እንዳያገኘው በብርቱ ሰግቻለሁ። ርቀቱ ዘጠኝ ሜትር ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ የተመታችው ልጅ ናት፤ ደም ዓይኗ ውስጥ እየገባ እንኳ መለካት አትተውም። ሦስት ቦታ ተሰፍታለች። እርስዎ ግን ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ቢንዴሽዋር ማህቶ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። መጀመሪያ የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ጎታች፣ በኋላም እኛ አሚን የምንለው የመንደር መሬት ለኪ ሆኜ እስካረጅ ሠርቻለሁ። የተመታችው ኩሙዲኒ የልጄ ልጅ ናት። የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ የጂኦማቲክስ፣ ማለትም የመሬት ቅየሳ ምህንድስና የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ላይ ትቀመጣለች፤ ለዚህም አሥራ አራት ወር እርስዎ ዘንድ ተምራለች። ስትመዘገብ «ለአደራ» ብለው የተቀበሏት ኦርጅናል መታወቂያዋና ዲግሪዋ እስከዛሬ በቢሮዎ መሳቢያ ተቆልፎባቸዋል። መታወቂያ የሌለው ተፈታኝ ከፈተናው አዳራሽ በር እንደሚመለስ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እንግዲህ የደብዳቤዬ ጉዳይ ይህ ብቻ ነው፦ የልጅቷን ወረቀት ይመልሱ። የቀረው ምስጋና ነው፤ ምስጋናዬንም ተማሪዎችዎ እንዲካፈሉት በበርዎ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንደኛ። ስለ መጽሐፍዎ አመሰግናለሁ። በሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሠላሳ ሜትር ነው በተባለ ሰንሰለት አንድ መስመር ተለክቶ ስድስት መቶ ሜትር ተገኘ፤ በኋላ ግን ሰንሰለቱ አሥር ሳንቲሜትር ረዝሞ ተገኘ፤ የመስመሩ ትክክለኛ ርዝመት ስንት ነው? ይላል። የእርስዎ መልስ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ነው። ሰንሰለቱ ሃያ ጊዜ ተዘርግቷል፤ በየዝርጋታው አሥር ሳንቲሜትር ሳይቆጠር ቀርቷል፤ ስለዚህ መልሱ ስድስት መቶ ሁለት ነው። እርስዎ የቀነሱት፣ አዲስ መስመር መሬት ላይ ሲተከል የሚሠራውን ሕግ፣ ቀድሞ ያለን መስመር ለመለካት ስላዋሉት ነው። መትከልና መለካት ለእርስዎ አንድ ከሆኑ፣ ያልተዘራ መሬት ላይ ማጭድ ይዘው ሲወጡ ለማየት ያብቃኝ። ስምዎ በእኛ አገር ቋንቋ ባለሦስት ዓይን ማለት ነው። መጽሐፉ አሥራ አንድ ጊዜ ሲታተም ሦስቱም ዓይኖች ተጨፍነው ነበር ማለት ነው?

ሁለተኛ። ስለ ማስተማር ዘዴዎ አመሰግናለሁ። ኩሙዲኒ እጇን አውጥታ፣ ፈቃድ ጠይቃ ነው የተናገረችው። «ሰር፣ ሰንሰለቱ ከረዘመ እኮ ቆጠራው ያንሳል። ምስሩን በትልቅ ጭልፋ ሲቀዱት ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ድስቱ አያንስም» አለች። እርስዎም «በይ ጭልፋሽን ይዘሽ ኩሽና ግቢ! ማነሽ ደግሞ አንቺ፣ መጽሐፍ የምታርሚ?» አሉ። መቶ አርባ ተማሪ ሳቀልዎት። እሷም «ኩሽና ውስጥ በዚህ መጠን ከተሳሳቱ ሰር፣ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል» አለች። ያን ጊዜ ሳቁ ጎራ ለወጠ፤ ዳስተሩም ተወረወረ። ሌሎች መምህራን ይህን ነገር በጠመኔ ያስረዱ ነበር፤ እርስዎ ግን ተማሪዋ እስክታረጅ በመስታወት የምታየው ጠባሳ አድርገው አስረድተዋል።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ «ይህ ሽማግሌ ስለ አራት ሜትር ልዩነት ለምን ያብዳል?» ብለው እንደሚጠይቁ ስለማውቅ ጥቂት ይታገሡኝ።

ከአርባ አምስት ዓመት በፊት፣ ሰናፍጩ ባበበበት ሰሞን፣ ቢካንና ሉታን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት እኩል ሊካፈሉ እኛን ጠሩ። እኔ የሰንሰለቱን ጫፍ ይዤ ሮጥኩ፤ አለቃዬ ቆጠረ። ከድንበሩ ድንጋይ እስከ ቦዩ ስድስት መቶ ሜትር ሆነ። ማታ ሰንሰለቱን ሲያየው ቀለበቶቹ ተበልተው አሥር ሳንቲሜትር ረዝሟል። አለቃዬም ልክ እንደ እርስዎ የተማረ ሰው ነበርና ልክ እንደ እርስዎ ቀነሰ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሜትር ጻፈ። በማግስቱ በአዲስ ሰንሰለት ከሁለቱም ጫፍ ተነሥተን ችካል ስንተክል፣ መሃል ላይ የማንም ያልሆነ አራት ሜትር ተረፈ።

ቢካን «የእኔ ነው» አለ። ሉታን «አባታችን ሲሞት እጁን የጠቆመው ወደ እኔ ነው» አለ። ቢካን ሣቀና «አባታችን ዝንብ ሲያባርር ነበር እኮ» አለው። ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ሉታን ማጭዱን አነሣ፤ የቢካን ግራ ክንድ ከክርኑ በታች ተቆርጦ ሰናፍጩ ውስጥ ወደቀ፤ ጣቶቹ መሬት ላይ እንኳ ይከፈቱና ይዘጉ ነበር። ቢካን በቀረው እጁ ችካሉን ነቅሎ የወንድሙን ጭንቅላት ደጋግሞ ወቀጠው። ያን ችካል ጥቂት ቀደም ብሎ የተከልኩት እኔ ነበርኩ፤ ያቀበልኩትም እኔ ነኝ ማለት ነው። ሉታን በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቢካን ወህኒ ወረደ። አለቃዬ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ እዚያም ሲቀንስ ኖሮ በጡረታ ወጣ።

እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልለይም ነበር። አራቱ ሜትር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ስል፣ የስኳር መጠቅለያ ሊሆን የተቃረበ አሮጌ የቅየሳ መጽሐፍ ከባለ ሱቅ ለምኜ ወሰድኩ። ማንበብ የተማርኩት በዚያው መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያዋን ገጽ ለመጨረስ አንድ የዝናብ ወቅት ፈጅቶብኛል። መልሱን ያገኘሁት ሉታን ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ኩሙዲኒን ከማንም በፊት ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። ስለዚህ መቶ አርባ ወጣት መሐንዲሶች የእርስዎን ሕግ በልባቸው ይዘው ወደ መቶ አርባ መንደር እንደሚወጡ ሳስብ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለሬሳ ማቃጠያ እንጨት ሻጮች እንደሚያሰለጥኑልን ይታየኛል። የሥራ ዕድል ስለመፍጠርዎ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። ስለ ጥበቃዎ ስለ ጃግዴኦ ራይ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ጠዋት ላጊዬን፣ ማለትም የመለኪያ ቀርከሃዬን ይዤ በርዎ ላይ ስደርስ በጨዋ ደንብ ተቀበለኝ።

«ባባ፣ ዳይሬክተሩ ዛሬ ሰው አያናግሩም።»

«ሰው ፍለጋ አልመጣሁም። ዳይሬክተሩን ነው።»

«ባባ፣ ይሂዱልኝ በእናትዎ። ቁርሴ ገና አልወረደም፤ ሰው መምታት አልፈልግም።»

«እኔ ቁርስ አልበላሁም፤ በል እኔ ልጀምር» አልኩትና ላጊውን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩት። እሱም በዱላው ጎኔን አለኝ፤ እስካሁን ስተነፍስ ይወጋኛል። ንጹሕ ምት ነበር፤ ወታደር እንደነበረ ያስታውቃል። ሁለተኛውን ምቴን ለመስታወት በርዎ ሰጠሁት። በሩን በስህተት እንደሰበርኩት ለሰው እንዳያወሩብኝ አደራ። ለክቼ ነው የመታሁት፤ ከመሃሉ ጥቂት ወረድ ብሎ። ያን ጊዜ ከፎቁ መስኮት «አውጡልኝ ይሄን ለማኝ!» ሲሉ ድምፅዎን ሰማሁ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ የተናገሩት ብቸኛ ትክክለኛ ነገር እርሱ ነው። በእርግጥም ልለምን ነበር የመጣሁት፤ የገዛ ልጃችንን ወረቀት።

አምስተኛ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በጸሐፊዎ በኩል ስለላኩልን የታተመ ወረቀት። «ትክክለኛው መልስ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መምህሬን በድፍረቴ አስቆጥቻለሁ» የሚለውን ፈርማ በክፍሉ ፊት ካነበበች መሳቢያው ይከፈታል ብለዋል። እስክሪብቶም አብረው ልከዋል፤ አሳቢ ሰው ነዎት።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ወረቀቱን አነበብኩና ልጅቷን አየኋት። አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ በሌላው ታነባለች። በሕይወቴ ለማንም ያላልኩትን ቃል አልኩ።

«ፈርሚ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይፈርማሉ?»

«እኔማ አልፈርምም። እኔ ግን እሑድ ፈተና የለብኝም።»

«ታዲያ ይሄን ደንዳና አንገት ከጎረቤት የተዋስኩት መስሎዎታል?» አለችና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። በእስክሪብቶዎ አሥራ ሁለት ጥያቄ ሠራችበት። ጥሩ ይጽፋል።

እንግዲህ ከቤታችን ፊርማ አይወጣም። እኔን ለአንዲት ደቂቃ ጎንበስ አድርገውኛል፤ ይህን በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ዱላና ማጭድ ይዞ የመጣብኝ ገበሬ ሁሉ አላደረገውም፤ ስለዚህም ይቅር አልልዎትም። እስከ ነገ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ወረቀቱ እጇ ካልገባ፣ ቅዳሜ በማለዳ ከተማሪዎችዎ ቀድሜ እመጣለሁ። ያልተሰበሩ ሰባት መስኮቶች አሉዎት። ይህን ቁጥር በመደመርም በመቀነስም አላገኘሁትም፤ ቆሜ ቆጠርኩት።

ለከበረ ጊዜዎ፣ ለአሥራ አንዱ ኅትመትዎና ለዘጠኝ ሜትር ውርወራዎ ያለኝን አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣ በታላቅ ትሕትና ወደ መሬት ዝቅ እላለሁ፤ ዝቅ የምለውም ድንጋይ ለማንሣት ነው።

የልጅቷ አያት፣
ቢንዴሽዋር ማህቶ፣
የባሩአሪ መንደር የመሬት ለኪ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይለጠፍ ዓርብ ጠዋት ጃግዴኦ ራይ እያነከሰ ቤቴ መጣ። «ባባ፣ ጎንዎ እንዴት ነው?» አለኝ። «ጉልበትህስ?» አልኩት። በሩ ስለተሰበረ እርስዎ በተማሪዎች ፊት በጥፊ እንደመቱት ነገረኝ። «ሃያ ዓመት በውትድርና ስኖር ጠላት እንኳ ፊቴን አልነካውም ባባ፤ ከዛሬ ጀምሮ በራቸውን ራሳቸው ይጠብቁ» አለ። የኩሙዲኒ ወረቀቶች ያሉበትን ፖስታ ሊያመጣልን አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ማንበብ ስለማይችል የትኛው የእሷ እንደሆነ መለየት አልቻለም፤ ስለዚህም መሳቢያውን ከጠረጴዛዎ ነቅሎ እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ኩሙዲኒ የራሷን አውጥታ ጨርሳለች፤ አሁን ወሬውን ሰምተው ደጃፌ ላይ ለተሰለፉት፣ ወረቀታቸው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ለነበረ ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች ስም እየጠራች ታድላለች። ባዶውን መሳቢያ ሰኞ እንልክልዎታለን። ለፖሊስ ማመልከት ከፈለጉ፣ የተሰረቀብዎትን እያንዳንዱን ወረቀት ይዘርዝሩ፤ ከየወረቀቱም ጎን የባለቤቱን ስም መጻፍዎን አይርሱ።