የሰዓት ጠጋኙ ጆሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንድ ኮት እጅጌ ቀየርኩ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባቱ ግን... ተዪው። የመርፌዋን ቀዳዳ በምላሴ አገኘኋት።
የዓይን ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነግራኛለች። መሃሉ እየጠፋ ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መነጽር አያስተካክለውም። ሰው ማየት ስትፈልጊ ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን እዪ አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ምርጫ አለኝ?
ሱቁን የሚጋራኝ ሰዓት ጠጋኝ ዛሬ ሳቀ። በምን እንደሳቀ እንጃ። እኔም ሳቅሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ሐኪሟ ልክ ናት! የሰዓት ጠጋኙን ቀኝ ጆሮ ትኩር ብዬ ሳየው ፊቱ ከዳር ብቅ ይላል። ጢሙን ተላጭቷል። ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ሳይ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ቆብ አድርጎ መጣ። ጆሮው ድረስ ወርዷል። በዚህ ፀሐይ? አሁን የቱን ልይ? ትከሻውን አየሁ። ትከሻውን አራገፈ። ምስኪን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ታላቅ እህቴ መጥታ ጉዱን ነገረችኝ። ሰዓት ጠጋኙ በር ላይ አስቁሟት፣ እህትሽ ጆሮዬን ለምን እንዲህ ትንቀዋለች አላት። ልጅ ሆኖ በጆሮው ሲቀለድበት ነው ያደገው። ሳቅ አፈነኝ። ከዚያ ሆዴ ባባ።
እሷ አልሳቀችም። «ንገሪው። ካልነገርሽው ጠላችኝ ይላል። ከነገርሽው ደግሞ...»
አልጨረሰችውም። ከነገርኩት ይሄዳል። ነገ እጇን ተይዛ የምትመራ ሴት ማን ይፈልጋል?
ወደድሽው እንዴ ስትለኝ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ካድኩ። ያልኩት ሲገባን ከወንበር እስክንወድቅ ሳቅን። ግንባር ለመሆን ምን ቀረው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ልነግረው ተነሳሁ። ደርሼ ግን፣ ስንት ሰዓት ነው አልኩት። ሠላሳ ሰዓት በዙሪያው ተሰቅሎ! «የትኛው?» አለኝ ኮስተር ብሎ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ጉድ ሠራሁ። እሱን ሳስብ የራሴን እጅጌ ከደንበኛ ሱሪ ጋር ሰፋሁት። ከስፌት መኪናው መላቀቅ አቃተኝ። ወረንጦውን ይዞ መጣና አጠገቤ ተንበርክኮ ክሩን አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። ከዚህ ወዴት ይሸሻል?
«ጆሮህን ንቄ አይደለም» አልኩት። «ፊትህን ለማየት ነው። ፊት ለፊት ካየሁህ ትጠፋብኛለህ።»
ሁሉንም ነገርኩት። መሃሉን፣ ዳሩን፣ እየባሰ ሊሄድ እንደሚችልም። ወረንጦው ቆመ። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የቀረችውን ክር ነቀለልኝና ተነስቶ ወጣ።
እስክዘጋ አልተመለሰም።

እሁድ፣ ጥቅምት 17
አለቀስኩ። ስለ ዓይኔ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። ደግሞ ትከሻውን ሲያራግፍ ትዝ እያለኝ እስቃለሁ። እብድ ነኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ቀድሞኝ ገብቷል። ፊት ለፊቴ የነበረውን ጠረጴዛውን ይጎትታል። ሱቁን ሊለቅ መሰለኝ።
ከስፌት መኪናሽ ጋ ተቀመጪና በሩን እዪ አለኝ። ተቀመጥኩ። በሩን አየሁ። እሱ ወንበሩን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ቀኜ ሄደ።
«አሁንስ?»
አልታየኝም። ግማሽ እርምጃ ጨመረ።
«አሁንስ?»
«አሁን አየሁህ» አልኩት። እዚያው ላይ ጠረጴዛውን ተከለው።
ቅዳሜ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ አልኩት። እንባዬን እንዳታዪው ነው አለ። እንዴት አድርጌ ላየው ነበር? ተሳሳቅን፣ ምሳ እስኪያልፈን።
ቀኑን ሙሉ በሩን እያየሁ ሰፋሁ። የሚያልፍ የሚያገድመው ደንበኛ የምጠብቅ ይመስለዋል።