የወይኗ ልጅ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ካሳሁን፣

እንደምን ከረምክ? የመተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባውስ ተወህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

«ክላሽ ገዝቻለሁ፣ የሙላቴን ቤት አጠፋለሁ» ብለህ አብሮህ በሚሠራው በሞላ የላክኸው ደርሶኛል። የሰማኸው ግማሹን ነው፤ ቁጭ በልና ስማኝ።

አንተ የተከልካት ነጯ ወይን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራች። አባባ የመጀመሪያ ፍሬ ለብቻ አይበላም ብለው ረቡዕ ዕለት፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ፣ ጎረቤታችንን አያ ሙላቴን ጠሩት። ጥቁሯንም ነጯንም በሰፌድ ይዤ ቀረብኩ። ጥቁሯን ቀመሰና ኮምጠጥ ትላለች አለ። ነጯን አፉ ውስጥ ሲያገላብጥ ቆየና ወደኔ ወደ ሰፌዱ እያየ፣ «ይቺማ የኔ ልጅ ናት» አለ።

ምን ልበልህ! አባባ ስለ እኔ መሰላቸው። እናታችን መቃብሯ ውስጥ ተሰደበች ብለው በዱላ ትከሻውን አሉት። እሱም ወገቡ ላይ የሻጠውን ማጭድ መዝዞ ቀኝ ክንዳቸውን እስከ አጥንቱ ተለተለው። ደሙ ወይኑ ላይ ተረጨ። እኔስ ዝም ልል ኖሯል? ዘነዘናውን አንስቼ ፊቱን አልኩት። ከወደቀም በኋላ አልተውኩትም። ሰው ባይደርስለት ገድዬው ነበር።

አባባን ደብረ ታቦር ወስደን ቁስሉን ሰፉላቸው። ከዚያ ባለፈው ሳምንት የሙላቴ ሚስት ማሬ ከደጇ ወይን አንድ ዘለላ ቆርጣ ብቻዋን መጣች። ልሰድባት አፌን ስከፍት «መጀመሪያ ቅመሺ፣ ከዚያ ስደቢኝ» አለችኝ። ቀመስኩ። ልጣጩ ስስ፣ ማር ማር የሚል፣ መጨረሻው ላይ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚሸት። የኛዋ ራሷ ናት።

ሰውየው ልጄ ያለው እኔን አልነበረም፤ ከሱ ወይን ተቆርጣ የተተከለችዋን ነው። ያኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ «ወንዛዬ ጠበል ሄጄ ሰጡኝ» ያልከኝን ቅርንጫፍ ከሱ አጥር ነው የቆረጥከው። አፈርኩብህ አያ ካሳሁን። ብትለምነው ይነፍግህ ነበር?

ለአባባ አልነገርኳቸውም፤ ከአንተው አፍ ይስሙት። ክላሹን እዚያው ትተህ፣ ሽማግሌ ይዘህ ና። መሣሪያ ይዘህ ከመጣህ ግን ሙላቴ በር ላይ ዘነዘናዬን ይዤ የምጠብቅህ እኔ ነኝ።

አባባ በግራ እጃቸው ይመርቁሃል። ሞላን ሰላም በልልኝ። ማሬ እንኳ ሰላም በይው ብላኛለች። አያ ሙላቴ ግን በኔ ዘነዘና አንድ ዓይኑ ፈሷል።

እህትህ ጌጤ
አንበሳሜ፣ መጋቢት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.