ተተኪ ሳይገኝላቸው የኖሩት የአምቡላንሱ ባለሙያ፦ አቶ እንደሻው ገብረ መድህን

ወንድሜ አቶ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድህን ወልደ ጻድቅ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰፋች ደምሴ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም. በአርሲ፣ አርቦዬ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ አሰላ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ተማሩ።

በ2003 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕክምና በዲፕሎማ ተመርቀው በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ላይ ተመደቡ። የክረምቱን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ2005 ዓ.ም. አምቡላንሱ ጭቃ ይዞት ምጥ የያዛት እናት መንገድ ላይ አረፈችባቸው። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ በዲግሪ ተምረው፣ የጤና መኮንን ሆነው፣ እናቶችን እዚያው ጤና ጣቢያው ላይ መርዳት።

በ2006 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሃዊ ቱሉ ጋር ትዳር መሠረቱ። በመልሱ ቀን አምቡላንሱ ደጅ ድረስ መጥቶ ሙሽራውን ይዞ መሄዱን እናታችን እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ቅዳሜና እሑድ አሰላ እየተመላለሱ በአንድ የግል ኮሌጅ የዲግሪ ትምህርታቸውን ጨረሱ። ድንኳን ተጣለ፣ በግ ታረደ፣ ጋዎን ለብሰው ፎቶ ተነሱ። ብዙም ሳይቆይ ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ዕውቅና እንደሌለው ተነገራቸው። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ፎቶው ከግድግዳው ይውረድ ሲባሉ ግን፣ ዕውቅና ያጣው ኮሌጁ እንጂ እኔ አይደለሁም ብለው አላስነኩትም።

ከዚያ በኋላ ዕውቅና ያለው፣ ዲፕሎማን ወደ ዲግሪ የማሻሻያ ትምህርት በመንግሥት ተቋም ተከፈተ። የመግቢያ ፈተናውን አለፉ። መሥሪያ ቤታቸው ግን የሚተካዎት ሰው የለምና ለከርሞ ይሁን አላቸው። ከርሞም መጣ፤ ደግሞ አለፉ፣ ደግሞ ለከርሞ ተባሉ። እኛም ሰለቸን። እሳቸውን ማኩረፉ እንኳ አደከማቸው፤ ስልክ ሲጠራ ግን ጃኬታቸውን አንስተው ይወጡ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ገና ሳይሰነብቱ በቦታቸው ሰው ተቀጠረ። ለካ ሰው ነበረ! ያን ዕለት ምግብ አልቀመሱም፤ ከበሽታው ይልቅ ይህ ጎዳቸው። ይሁን እንጂ አዲሷ ባለሙያ አሚራ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ቂም አልያዙባትም። ትራስ ተደግፈው ለዚያው ፈተና ያስጠኗት ጀመር፤ ድምፃቸው እስኪደክም ድረስ።

አቶ እንደሻው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሃኒንና ናቲን፣ እንዲሁም ይህን የጻፍኩትን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

አሚራ የዘንድሮውን ፈተና አልፋለች። ኃላፊዎች፣ ሥራ ፈትታችሁ ለቅሶ ደርሳችሁልናል፤ ብድራችሁን ይክፈልልን። እሷን ግን፣ እባካችሁ፣ ለከርሞ አትበሏት።

የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።