ለቀበረ ወይስ ለጦረ

ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቴ።

እኔ ወይዘሮ ብዙነሽ ማሩ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ አልከዳኝም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከዚህ በታች በሚፈርሙት አራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። ጤንነቴን የሚጠራጠር ካለ የጥንት ግብጾችን ኑሮ ይጠይቀኝ፤ በእኛው አፈር እንዴት እህል እንዳበቀሉ፣ ሬሳቸውን ከምን ጋር እንደቀበሩ። ሟች ባለቤቴ መምህር ተፈራ ዕድሜ ልኩን ያስተማረው ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ ያልጨረሰውን እራት ላይ በእኔ ላይ ይጨርሰው ነበር።

አንደኛ፤ የተፈራ መጻሕፍት ለትምህርት ቤቱ ይሰጡልኝ። ባለፈው ክረምት ከተማችን የገቡት ታጣቂዎች ቴሌቪዥኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን ሳይቀር ሲወስዱ መጻሕፍቱን አልነኩም። ልጄም ነክቷቸው አያውቅም። አንደኛው ላይ የግብጾች ማኅበረሰብ በሥዕል አለ፦ ጫፉ ላይ ፈርዖን፣ ቀጥሎ ካህናትና ጸሐፍት፣ ከሁሉ ሥር ገበሬው። ተፈራ ይህን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስሎ ይመጣና እቤት ጫፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። ከሥር ማን እንደነበረች ምስክሮቹ ያውቃሉ። ያም ሆኖ እወደው ነበር።

ሁለተኛ፤ ቤቴን ከነግቢው ለወይዘሮ ሃና አውርሻለሁ። ሃና የልጄ የስዩም ሚስት ነበረች። እርሱ ፈቷት አዲስ አበባ ገባ፤ እኔ ግን አልፈታኋትም። ሕዝቡ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ሲሸሽ እኔ መራመድ አቃተኝ፤ እርሷ መራመድ እየቻለች ከእኔ ጋር ቀረች። መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ሲቆም ማሽላ በድንጋይ እየፈጨች አበላችኝ። ማሽላው ከዘረፋ የተረፈው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ስለነበር ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ተፈራ ነው፤ ግብጾች ገና ፈርዖን ሳይነግሥባቸው እህላቸውን በሰሌን በተለበጠ ጉድጓድ ያኖሩ ነበር ብሎ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ሆዴ ድረስ የደረሰው ይህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ልጄን ስዩም ተፈራን ከውርሴ ነቅያለሁ። ሕጉ ምክንያት ይጻፍ ስለሚል ይጻፍ። መንገድ በተከፈተ ማግስት መጣ። እንዴት ከረማችሁ ከማለቱ በፊት ወርቁን የት እንደቀበርሁት ጠየቀኝ። ወርቅ ኖሮኝ አያውቅም ብለው አላመነም፤ የጎመን መደቡን ሳይቀር ገለባብጦ ቆፈረው። የፈርዖንን መቃብር የዘረፉት ሌቦች እንኳ ባለቤቱ እስኪሞት ታግሠዋል።

ይህ ሲጻፍ ስዩም አጠገቤ ቆሞ ተቃውሟል፤ ቃሉም እንደተናገረው ይስፈር፦ "እማዬ፣ አባባ እኮ ግብጾች ዘንድ የሚወርሰው የቀበረ ነው ይል ነበር። የምቀብርሽ እኔ አይደለሁም?"

እውነት ነው፣ ይል ነበር። ይህን ባለበት ምሽት ስለ አንዲት ግብጻዊት እናትም አውርቶ ነበር። በእርጅናዋ ያልጦሯትን ልጆቿን ልክ እንደ እኔ በምስክር ፊት ከራሷ ንብረት አስቀርታቸዋለች። እዚያ ላይ ሲደርስ ግን ስዩም ጠግቦ ተነሥቶ ነበር። እኔ ሳህን እያጠብሁ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

አራተኛ፤ ስዩምን ልጄ አይደለም አላልሁም። ዘንድሮ በአገራችን ስንት እናት ልጇን ቀበረች። እዚህ ለምስክርነት የተቀመጠችው ሙሉወርቅ ልጇ እስራኤል የት እንደወደቀ እንኳ አታውቅም፤ የምትቀብረውም አላገኘች። እኔ ግን ቀባሪ አለኝ። ስለዚህ መቅበሩን ለስዩም ትቼለታለሁ፤ ማንም አይሻማው። ከቀብር ሲመለስም ሃና እራት ሳታቀርብለት እንዳትሸኘው።

ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በአራቱም ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ተናዛዧ "ቃሌ ነው" ብላለች። ስዩም ተፈራ አሁንም ተቃውሞ እንዳለው ተጠየቀ። ወደ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ተመልክቶ "የለኝም" ብሏል።

ተናዛዥ፦ ብዙነሽ ማሩ (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፦ ቢኒያም አበራ
ምስክሮች፦
አብዱልሐሊም ይማም፣ ጎረቤት
ይታገሱ ወንድሙ፣ ጎረቤት
ሰላማዊት አሰፋ፣ መምህርት
ሙሉወርቅ አያሌው፣ የእስራኤል እናት