ሰባ ሰባት የሚል ጎማ

ረቡዕ፣ ሰኔ 5 ቀን 1977

የኋላ ቀኙ ጎማም ፈነዳ። ስኮርታው ቀድሞ ስለተቀደደ የሚቀየር ጎማ የለም። ደምሴ ፒካፑን፣ ሱዳኖች ቦክሲ የሚሉትን፣ የስደተኛ ካምፑ መግቢያ ላይ ጥሎ በእግሩ መጣ። ባሌ ሲናደድ ከነጫማው ነው አልጋ ላይ የሚወጣው፤ ወጣ።

እኔም ደግ ወሬ አልያዝኩም። ከክሊኒክ መምጣቴ ነው። ነርሷ ሲስተር ለተብርሃን ሆዴን ስትዳብስ ቆይታ ልጁ ተጋድሟል አለችኝ። ሊገለበጥ ይችላል፣ ላይገለበጥም ይችላል። «ምጥ ሲጀምርሽ እዚህ እንዳትቆዪ። ገዳሪፍ ነው መሄድ ያለብሽ። ኣጆኺ» አለችኝ። በትግርኛዋ አይዞሽ ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

ቀደም ብዬ ሄጄ እንዳልቀመጥ፣ ተስሪህ የሚሉትን የካምፕ መውጫ ፈቃድ የሚሰጡት ለሦስት ቀን ብቻ ነው። ሆስፒታሉም ምጥ ላልያዛት አልጋ የለኝም ይላል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ጎማ ላይ ወደቀ። ኸሪፉ፣ የነሱ ክረምት፣ ሊገባ ነው፤ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ከኡም ራኩባ ገዳሪፍ ያለው ጥቁር ዋልካ መኪና ይውጣል።

ማታ ተጨቃጨቅን። እሱ ሰፊ ጎማ ይፈልጋል፤ ለአሸዋም፣ ለጭቃም፣ ለኮረኮንችም የሚሆን። እኔ ቀጭን፣ ጥርሱ የተራራቀ አልኩ። ሰፊው ጥርሱ መሀል ጭቃ ይሞላና ድቡልቡል ሆኖ ይንሸራተታል። አምና አይቻለሁ፤ ስገፋ የነበርኩት እኔ ነኝ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሾፌር የሆንሽው?» አለኝ። ከዚያ ሁመራ እርሻ ላይ ስንት ዓመት እንደነዳ ነገረኝ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

በሎሪ ገዳሪፍ ሄድን። የኔ አረብኛ ስለሚሻል ነው የወሰደኝ። ልጁ ሆዴ ውስጥ በየጉድጓዱ ሲዘል ዋለ። ምናለ በዚያው ቢገለበጥ!

አንደኛው ሱቅ የሎሪ ጎማ ብቻ። ሁለተኛው ያረጀውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ደርድሮታል፤ ደምሴ በጥፍሩ ፍቆ አሳየኝ። ይህን ያውቃል፣ አልክድም።

ሦስተኛው ሓጅ እድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ረመዳን ስለሆነ ከንፈራቸው ደርቆ ዓንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። አራት ሰፋፊ ጎማ አላቸው፤ ወረቀቱ እንኳ አልተፈታም። ጥግ ላይ ሁለት ቀጫጭን፣ ጥርሳም ጎማዎችም አሉ። እኔ ወደነሱ አየሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

መቼ የተሠራ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጎማው ላይ በጣታቸው እያሳዩ «ሰብዓ ወሰብዒን» አሉ። እውነትም 77 ይላል። ደምሴ ፊቱ በራ። «ሰማሽ? የዘንድሮ!» እኔም ጅሏ ራሴን ነቀነቅሁ። ዋጋውም ርካሽ። ሓጁ በጾማቸው ለነፍሳቸው አስበው ነው አልን። አራቱንም ጭነን ተመለስን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ጎማዎቹ ገቡ። ደምሴ ካምፑን ሲዞር ዋለ። ያገኘውን ሁሉ «ንካው! ንካው! የሰባ ሰባት ነው!» ይላል። ሰው ይነካል፣ ይመርቃል። እኔ ጋቢና ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ለሱዳኑ ዘበኛ በዚያ በተሰባበረ አረብኛው «ጀዲድ! ሰብዓ ወሰብዒን!» አለው፤ አዲስ ነው ማለቱ ነው።

ዘበኛው ጎማውን አየ፣ ደምሴን አየ። «የኔም ልጅ የዚያ ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ገብቷል» አለ።

ደምሴ ሳቀ፤ ዘበኛው ያልገባው መስሎት። እኔ ግን በጣቴ ቆጠርኩ። ዘንድሮ ሰባ ሰባት የሆነው በኛ ነው እንጂ! በነሱ ሰማንያ አምስት ነው። ወይ ጉድ! ሰላምታውን፣ ገበያውን፣ ስድቡን ሳይቀር የነሱን ተምረናል፤ ዓመቱን ብቻ ከጎንደር እንዳመጣነው ይዘነው ቁጭ ብለናል።

ነገርኩት። ወረደና ተንበረከከ። የጎማውን ጥርስ በጣቱ ፈልቀቅ ሲያደርገው ውስጡ እንደ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። ስምንት ዓመት በዚህ ሙቀት!

«ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ሲግል ይፈነዳል። የፊተኛው ከሆነ ይገለብጣል» አለ።

እውነቱን ስለነገረኝ ወደድኩት። ስለገዛው ግን ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ጎማው እንዳይግል ገና ሳይነጋ ወጥተን ሓጅ እድሪስ ዘንድ ደረስን። ነገሩን ሳስረዳ «ሰብዓ ወሰብዒን አላልኩም?» አሉ።

«ብለዋል።»

«ታዲያ ለምን የረከሰ መሰላችሁ?»

«ለጾምዎ መስሎን።»

ግድግዳ ይዘው ሳቁ። «አሁን በናንተ አገር ዓመቱ ስንት ነው?» አሉኝ። ሰባ ሰባት አልኳቸው። «እንግዲያው እዚያ ወስዳችሁ ንዷቸው። እዚያ አዲስ ናቸው።» እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ደምሴ አልሳቀም።

ከዚያ ሓጁ ሆዴን አዩ። ሁለቱን አሮጌ መልሰው ሁለቱን ጥርሳሞች ሰጡን። ሌላ የላቸውም። እንግዲህ ሁለት ጥሩ፣ ሁለት ክፉ ይዘናል።

የት ይግቡ? ደምሴ ፊት አለ፤ ፊት ከፈነዳ ሁላችንም አለቅን። እኔ ኋላ አልኩ፤ የሚገፋው ኋላው ነው፤ ዋልካው ከያዘን እኔና ልጁ አለቅን። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ልክ ነን፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። «ሾፌሩ እኔ ነኝ» ብሎ ፊት አስገባቸው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ዝናብ። ከነጋ ጀምሮ ያለማቋረጥ።

ስነሳ ደምሴ ጭቃ ለብሶ ክሪኩን ሲጠርግ አገኘሁት። ጥርሳሞቹን ወደ ኋላ አዛውሯቸዋል።

ወገቤን ይቆርጠኛል። ምጥ ይሁን አይሁን እንጃ። ሚካኤል ነው ዛሬ፤ እሱ ያውቃል።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ሆስፒታል። ቀደው አወጧት። ሴት ናት። እሷም እኔም አለን፤ ቁስሉ ስለሚያመኝ በአጭሩ ልጻፍ።

ረቡዕ ከሰዓት ወጣን። ደምሴ የፊቶቹ እንዳይግሉ በሰው እርምጃ ነዳ። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ «ትንሽ ነው የቀረን» ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ነው የቀረን። ሎሪዎቹ እስከ ሆዳቸው ሰምጠው ቆመዋል። ጥርሳሞቹ ግን ዋልካውን እየቀደዱ ገፉን። ሐሙስ ጠዋት ከተማው አፋፍ ላይ የፊት ግራው ጧ! አለ። ቀስ ብለን እንሄድ ስለነበር መኪናዋ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብላ ቆመች። ኢድ ነበር። ከስግደት የሚመለሱ ሰዎች በዚያ ነጭ ልብሳቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው በዓንገሬብ ተሸክመው አደረሱኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ የእርሻ ትራክተር ከኡም ራኩባ መጣ። ሲስተር ለተብርሃን መልእክት ልካበት ነው። ሌላ ሴት ምጥ ይዟት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ትራክተሩ ወደ ሌላ እርሻ ያልፋል፤ እሷን የሚያመጣት ቦክሲ ደግሞ በካምፑ ከኛ ሌላ የለም። ደምሴ ለፈነዳው ምትክ ለሓጅ እድሪስ ከመለስንላቸው ጎማዎች አንዱን ይዞ መጣ። ያው ሰባ ሰባት።

አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አስቴር፣ ጥርሳሞቹን የት ላድርጋቸው?» አለኝ።

ስለ ጎማ ጠይቆኝ አያውቅም። ፊት ካስገባቸው እሱ ይተርፋል። ኋላ ከሆኑ ሴትዮዋ ትደርሳለች። ይህን እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነው የጠየቀኝ። ፊት አድርጋቸው ልል ነበር፤ ስለ እውነት ልል ነበር።

«እዚያው ኋላ ተዋቸው» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ሄደ። አሁን ሊመሽ ነው። ዝናቡ አላባራም።